ኢንጂነር መባሉን ትቼ ምን ልሁን? ሙያ የቀየራችሁ ሰዎች ምከሩኝ

የሳይቷ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ዕድሜዬ 32 ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬ በ2008 ዓ.ም ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲህ 9 ዓመት ኮንትራክተር ቤት ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ሳይት ላይ ፌሮ ስቆጥር እውል ነበር፤ አርማታ ሲሞላ ቆሜ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። አሁን ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። ቴክ ኦፍ አወጣለሁ፣ ማለት ከፕላን ላይ የሥራውን መጠን ለክቼ እደምራለሁ፤ ለተሠራው ሥራ የክፍያ ሰርተፊኬት አዘጋጃለሁ፣ ግንባታውን ከሚቆጣጠረው አማካሪ ጋር እከራከራለሁ።

ችግሬ ጠዋት ጠዋት ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ ሆዴ ይጨነቃል። ድካም ይሆናል ብዬ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ ሄጄ 2 ሳምንት አረፍኩ። ተመልሼ ሥራ በገባሁበት ጠዋት፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ፣ ያው ጭንቀት መጣ።

ሙያውን መርጬው አልገባሁም። 11ኛ ክፍል ስንደርስ ሶሻል መግባት ነበር የምፈልገው፤ ጂኦግራፊና ታሪክ እወድ ነበር። ግን ያኔ 70/30 የሚባል ነገር ነበር፤ የኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። ከ2000 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይሁን፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ተባለ። ቤት ውስጥም ትምህርት ቤትም የሰማሁት "ቦታ ያለው ናቹራል ነው" የሚል ብቻ ነበር። ናቹራል ገባሁ። ውጤቴ ጥሩ ስለነበር ሲቪል ደረሰኝ። ጊዜው የመንገድ፣ የኮንዶሚኒየም፣ የባቡር ጊዜ ነበር። ሲቪል የደረሰው ልጅ ሎተሪ እንደወጣለት ነበር የሚታየው። እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች።

አሁን ሥራው ራሱ ከብዷል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በድሮ ዋጋ የፈረምነው ውል በአዲስ ዋጋ ፌሮ መግዛት ጀመረ። የዋጋ ማስተካከያው ወራት ወሰደ። በዚህ መሃል እኛ ሠራተኞቹ 3 ወር ደመወዝ ሳንቀበል ሠርተናል። ግን ጉዳዩ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ሌላ ኩባንያ እሄድ ነበር። ሌላ ኩባንያ ስለመሄድ ሳስብም ያው ሆዴ ይጨነቃል።

ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። ጓደኛዬ ኮዲንግ ተማሪ ትለኛለች። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነይ ይላል። ሌላው ባንክ ይላል። እያንዳንዱን ስሰማ ለአንድ ቀን ልቤ ይነሳል፤ በማግስቱ ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። እናቴ ስልክ ስታነሳ "ኢንጂነርዬ" ነው የምትለኝ። እድሩ ላይ እሷን "የኢንጂነሯ እናት" ነው የሚሏት። ይህን ስም ከእሷ ላይ የምነጥቅ ይመስለኛል።

ሙያ የቀየራችሁ ሰዎች፣ ወዴት እንደምትሄዱ በምን አወቃችሁ? 5 ዓመት የተማርኩትንና 9 ዓመት የሠራሁትን መጣል ነው?

ዝምተኛ አንባቢ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔም ሲቪል ነኝ፣ የ2009 ተመራቂ። የጻፍሽው የኔ ታሪክ ነው፤ ደብረ ማርቆስን በአሰላ ቀይሪው ብቻ። መልሱን እከታተላለሁ።

ባለ ላፕቶፑ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እህቴ፣ እኔ ከኤሌክትሪካል ወደ ፕሮግራሚንግ ነው የቀየርኩት፤ ስለዚህ ስለ ኮዲንግ እውነቱን ልንገርሽ። መጀመር ከባድ አይደለም። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሰው ይገባበታል። የፕሮግራሚንግ መሠረት አለው፣ ዳታ ሳይንስ አለው፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት አለው።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሥራዬን ለቅቄ ወንድሜ ቤት፣ አያት፣ 14 ወር ያለ ገቢ ተቀመጥኩ። ወንድሜ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔ ግን ማዕድ ላይ መቀመጥ ያሳፍረኝ ጀመር። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ሥራ አላስገባኝም። ያስገባኝ ለአንድ ፋርማሲ በነጻ የሠራሁት የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ለሌላ ሰው አሳየው፣ ያ ሰው ከፈለኝ።

አልጸጸትም። ብደግመው ግን ሥራዬን ሳልለቅ ማታ ማታ ነበር የምጀምረው። ለ2 ወር በቀን 1 ሰዓት ሞክሪ። ማንም ሳያዝሽ ከከፈትሽው ጥሩ ነው። ላፕቶፑን ለመክፈት ራስሽን መለመን ካለብሽ መንገድሽ አይደለም፣ ተይው።

ቤት ኪራይ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እኔ ግን አትልቀቂ ነው የምለው። 9 ዓመት ልምድ ይዞ ከዜሮ መጀመር ልክ አይመስለኝም። ሥራ የሚባለው ነገር የትም ቦታ ያስጨንቃል። ኩባንያ ቀይሪ፣ የሙያ ፈቃድሽን ከፍ አድርጊ፣ ደመወዝሽ ሲጨምር ጭንቀቱም ይቀንሳል። ክፉ ለመናገር አይደለም፣ ኪራይ በየ6 ወሩ የሚጨመርበት ከተማ ውስጥ ስለምንኖር ነው።

ባለ ሜትሩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጄ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው። ካንቲቲ ሰርቬየር ነኝ፤ ሥራዬ የግንባታ ልኬትና ዋጋ ነው። ያንቺን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት።

ሥራ የጀመርኩት በ1980 ዓ.ም በድራፍትስማንነት ነው። ትሬሲንግ ወረቀት፣ ቲ ስኩዌር፣ ራፒዶግራፍ የሚባለው የቀለም ብዕር። እጄ በጣም ጥሩ ነበር። ፊደል ስጽፍ ማሽን የጻፈው ነበር የሚመስለው፤ ሌላ ቢሮ ያሉ አርክቴክቶች ስሜን እየጠሩ ይልኩብኝ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። መጀመሪያ አንድ ማሽን ቢሮው ጥግ ላይ አስቀመጡ። በ3 ዓመት ውስጥ የሥዕል ጠረጴዛዎቹ ወደ መጋዘን ወረዱ። እኔ 37 ዓመቴ ነበር፤ 2 ልጆች ነበሩኝ።

ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው፦ ራፒዶግራፉን ሲወስዱብኝ እጄ ላይ ምን ቀረ? የቀረው ፕላን ማንበብ ነበር። 15 ዓመት ፕላን የሣለ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። አንድ ምሰሶ ከላይኛው ወለል ላይ 10 ሳንቲ ቢሸሽ ዓይኔ ይይዘዋል። በዚያ ወደ ልኬትና ዋጋ ሥራ ገባሁ። ከኔ በ12 ዓመት ከሚያንስ ልጅ ስር ሆኜ ተማርኩ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድ ቀን አላዋረደኝም።

ስለዚህ "መጣል ነው ወይ" ላልሽው፣ ሰው የለመደውን ቢፈልግም መጣል አይችልም። አብሮት ይሄዳል።

ወዴት እንደምትሄጂ ለማወቅ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥሽ። የሳይት ዳያሪ ትይዣለሽ አይደል? የአየሩ ሁኔታ፣ የሰው ኃይል፣ ማሽን፣ የተሠራ ሥራ፣ ያጋጠመ ችግር። ክርክር ሲነሳ የሚያሸንፈው ዳያሪ የያዘው ነው። ለምን? ከ6 ወር በኋላ የማንም ትዝታ አይታመንም። ሁሉም ሰው ነገሩን እንደ ስሜቱ ነው የሚያስታውሰው። አንቺ አሁን 9 ዓመትሽን እንደዚያ ነው የምታስታውሽው።

ለ30 ቀን የራስሽን ዳያሪ ያዢ። ስሜትሽን አትጻፊ። ሰዓቱን ጻፊ፣ ምን እንደሠራሽ ጻፊ፣ ከማን ጋር እንደሆነ ጻፊ። ከጎኑ አንዲት ቃል ብቻ፦ "ቀለለኝ" ወይም "ከበደኝ"። ቶሎ ለመፍረድ አትሞክሪ። 30 ቀኑ ሲያልቅ ቴክ ኦፍ እንደምታወጪው አድርገሽ ደምሪው። ከዚያ ተመልሰሽ ጻፊልን።

የሳይቷ ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንባዬ መጣ። ዛሬ ማታ ደብተር ገዛሁ፤ ከነገ ጀምሮ እይዛለሁ።

ቤት ኪራይ፣ ያልከው ገብቶኛል። እኔም ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ። ነገ ተነስቼ አልለቅም።

ሰው ኃይል ክፍል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

በሰው ኃይል አስተዳደር 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰዎች ሲለቁ ሳያውቁ የሚያጡት ነገር ስለሚያሳዝነኝ ይህን ልጻፍ፤ ዛሬ ባትለቂም ለሌላውም ይጠቅማል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈለገው ጊዜ መልቀቅ ይችላል፤ የሚጠበቅበት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። በጽሑፍ ስጪ፣ ቀን ያለበት ቅጂ አስፈርመሽ ያዢ። ያልተከፈለሽ ደመወዝና ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተተምኖ፣ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃ መብትሽ ነው፤ ልመና አይደለም። የሠራሽውን የሥራ ዓይነት በትክክል ያስጽፉልሽ። "ኦፊስ ኢንጂነር" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሳይት ላይ የነበርሽባቸው ዓመታት ለሚቀጥለው ቀጣሪ አይታዩም።

ጡረታውን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ኩባንያ ስትቀይሪ ያለፈው አገልግሎትሽ ከአዲሱ ጋር ይደመራል፤ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ግን ይዘሽ መሄድ አለብሽ። ደመወዝ ሲዘገይ የጡረታ መዋጮም አብሮ ይዘገያልና ገቢ መሆኑን አሁኑኑ አጣሪ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

የማወራው ስለ ስሙ ጉዳይ ነው፣ ስለ "ኢንጂነርዬ"።

ጎንደር የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ በ2005 ዓ.ም ሜሪላንድ መጣሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ዋሽንግተን መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ከመሬት በታች፣ 3ኛ ፎቅ። እዚያ ቲቸር የሚለኝ ሰው የለም። ሰው ሲተዋወቀኝ "እኔ አገር ቤት መምህር ነበርኩ" ሳልል ስሜን መናገር አልችልም ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንደዚያ አደረግኩ።

ከዚያ የነርስ ረዳት ኮርስ ወሰድኩ፣ ሲኤንኤ የሚሉትን። ማታ በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ ቀን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግ ተማርኩ። የፈቃድ ፈተናውን አልፌ ነርስ እስክሆን ከመጣሁ ጀምሮ 6 ዓመት ወሰደ። አሁን የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ሥራዬን እወደዋለሁ።

የምጸጸትበት አንድ ነገር አለ። ለእናቴ 3 ዓመት ሙሉ ዋሸኋት። "ቢሮ ነው የምሠራው" አልኳት። በስልክ ስናወራ ስለ ሥራዬ እንዳትጠይቀኝ ወሬ እቀይር ነበር። እሷ ደግሞ የሆነ ነገር እንደደበቅኳት ገብቷት ታምሜ መስሏት ስለት ስትሳል ከርማለች። በኋላ እውነቱን ስነግራት ያለችኝ "ይኼን ነው የደበቅከኝ?" ብቻ ነው። የስሙ ሕመም ዓመት አይሞላም፣ ያልፋል። የደበቅኳት 3 ዓመት ግን እስካሁን አልወጣልኝም። እናትሽን ቀድመሽ ንገሪያት፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሐሳብ ላይ ሳለሽ።

የቤይሩት ተመላሽ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡30

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ ዲግሪ የለኝም። ቤይሩት 7 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በ2012 የባንኩ ችግር ሲመጣ ደመወዜ ከዶላር ወደ ሊራ ተቀየረ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። በዚያው ዓመት ወደቡ ሲፈነዳ የነበርኩበት ቤት መስኮት ረግፎ አልጋዬ ላይ ወደቀ። በ2013 ባዶ እጄን ተመለስኩ። ልጄ 9 ዓመቷ ነበር፤ እናቴ ናት ያሳደገቻት።

ልብስ ስፌት ተማርኩ። ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ደረጃ 2 አለፍኩ። አሁን ኮልፌ በ2 ማሽን የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ነሐሴና መስከረም እንቅልፍ የለም፤ ጥርና የካቲት ደግሞ ሥራ የለም።

እህቴ፣ ስፌት እወድ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁንም "እወደዋለሁ ወይ" ብዬ አልጠይቅም። የኔ አቅጣጫ ልጄ ነበረች። ትምህርት ቤት እንዳትቀር፣ እኔ የሄድኩበት እንዳትሄድ። ስለዚህ "የምወደው ሥራ የቱ ነው" ብለሽ ስትፈልጊ ካጣሽው አትፍሪ። ማንን ይዘሽ ነው የምትሄጂው? እሱንም ዳያሪሽ ላይ ጻፊው።

ደግሞ የ6 ወር የቤት ኪራይ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

የሳይቷ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

እህቴ፣ "ማንን ይዘሽ ነው የምትሄጂው" የሚለውን ጥያቄ አስቤው አላውቅም ነበር። ደብተሩ ላይ ለእሱም መስመር ጨመርኩ። ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

የሳይቷ ልጅ
ከ5 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ ባለ ሜትሩ፣ ዳያሪውን ጨረስኩ። በ30ው ቀን ውስጥ 26 የሥራ ቀናት ነበሩ። ደመርኩት፤ ያገኘሁትን ግን አልጠበቅኩትም።

የምጠላው ከአማካሪው ጋር መከራከር ይመስለኝ ነበር። ዳያሪው ላይ ክርክር የነበረባቸው 8 ቀናት አሉ፤ 5ቱ ላይ "ቀለለኝ" ብያለሁ። ለካ ነገሩን ፕላን ዘርግቼ ማስረዳት አይከብደኝም። የሚከብደኝ መጠበቅ ነው። ፊርማ መጠበቅ፣ ክፍያ መጠበቅ፣ አቅራቢ ስልክ እስኪያነሳ መጠበቅ። "ከበደኝ" ካልኩት ሁሉ ከግማሽ በላዩ መጠበቅ ነው። ለ9 ዓመት የጠላሁት ግንባታን መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ አስገረመኝ። በዚህ ወር ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ 6 ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና ሳይታችን መጥተው ነበር። አጠገባቸው እንድሆን ማንም አላዘዘኝም። ግን እነሱ ባሉባቸው ቀናት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ "ቀለለኝ" የሚል ተጽፏል።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ቢም ላይ ስታፋ (ረጃጅሞቹን ፌሮዎች የሚከብ የታጠፈ ብረት) ስታስር ለምን ምሰሶው አጠገብ በየ10 ሳንቲ፣ መሃል ላይ በየ20 ሳንቲ እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ፎርማኑ "ፕላኑ ነው እንደዚያ የሚለው" ብሏት ነበር። እኔ ጥበቃው ክፍል ሄጄ አንድ ቁራጭ የፍራሽ ስፖንጅ አመጣሁ። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሣልኩ። ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀመጥኩትና መሃሉን በእጄ ተጫንኩት። መሃል ያሉት አራት ማዕዘኖች ብዙም ሳይንጋደዱ ቀሩ፤ ብሎኬቶቹ አጠገብ ያሉት ግን ተንጋደዱ። "እዚህ ጋ ነው ሊቆረጥ የሚፈልገው፤ ስታፋው እሱን ነው የሚይዘው" አልኳት። ልጅቷ ስፖንጁን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ደግማ ተጫነችው። ከዚያ ሌሎቹን ጠርታ አሳየቻቸው፤ በራሷ አነጋገር አስረዳቻቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ አየኋቸው።

የዚያን ቀን ዳያሪ፦ "ከ4፡30 እስከ 5፡15፣ ስታፋ፣ ከሠልጣኞች ጋር፣ ቀለለኝ።" ሰዓቱ መሄዱን ያወቅኩት ሰው ሲጠራኝ ነው።

ማስተማር ይሆን? 11ኛ ክፍል ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህር መሆን እመኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ አሁን ነው። ግን ደመወዙ ያስፈራኛል።

ባለ ሜትሩ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡45

ልጄ፣ ደስ አለኝ። ስፖንጁን፣ ሰማሽ፣ አትጣይው።

መምህር ከአዳማ
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡20

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የግንባታ አሠልጣኝ ነኝ። እንዳለ ልንገርሽ።

ደመወዙ ከኮንትራክተር ቤት ያንሳል። ግን ደመወዝሽ 3 ወር የሚቆይበት ቤት ውስጥ ነሽና ስታነጻጽሪ የዓመቱን ደምሪ፣ የወሩን አትዪ። አሠልጣኝ ለመሆን ዲግሪ ብቻ አይበቃም። በሙያው ራስሽም የብቃት ምዘና ማለፍ አለብሽ፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠናም ይጠየቃል። ምዘናው ለብዙ ኢንጂነሮች ከባድ ነው፤ በእጅ የሚሠራ ነውና። ግንብ ገንቢ፣ ስታፋ እጠፊ ስትባዪ ዲግሪ አያግዝም። አንቺ ሳይት ላይ ስለሠራሽ ትሻያለሽ፤ ቢሆንም 2 ወር ፌሮ ከሚያስረው ከፌራዮና ከግንበኛ ጋር ተለማመጂ።

ስለ ሥራው ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ 40 ልጅ አለ። ከ40ው 25ቱ ሙያውን አልመረጡትም፤ እንዳንቺ ተመድበው ነው የመጡት። አንዳንዱ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው። የመለማመጃ ሲሚንቶ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ግንቡን በጭቃ እናስገነባና አፍርሰን እንደገና እንሠራለን። ለ2 ሰዓት ከ6 ጎበዝ ልጆች ጋር መሆንና ዓመቱን ሙሉ ከ40 ጋር መሆን ይለያያል። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት የቅዳሜ ክፍል ያላቸው የግል ኮሌጆች ጠይቂ። በሰዓት የሚከፍሉ አሉ። አንድ ወቅት አስተምሪና እዪው።

ቤት ኪራይ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

አትልቀቂ ብዬሽ ነበር። የቅዳሜው ሐሳብ ግን ጥሩ ነው። በዚህ እስማማለሁ።

የሳይቷ ልጅ
ከ4 ወር በኋላ፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡30

የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ የደረስኩበትን ልጻፍ።

ሥራዬን አልለቀቅኩም። የዘገየው ደመወዝ በከፊል ተከፍሏል። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ ወደ ሳይት ተመለስኩ፤ የክፍያ ሰርተፊኬቱን ሌላ ልጅ ይዞታል። ጠዋት ላይ የነበረው ጭንቀት ጠፍቷል አልልም፤ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን ይመጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 አንድ የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ። 34 ተማሪ አለኝ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት በጣም አስቸጋሪ ነበሩ። በቃሌ የማውቀውን ነገር ሰሌዳ ፊት ስቆም አጣሁት። ኋላ የተቀመጡት ስልክ ይነካካሉ። አንድ ቅዳሜ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። መምህር ከአዳማ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። 4ኛው ሳምንት ላይ ሰሌዳውን ተውኩትና ግቢ ውስጥ አውጥቼ የክፍላቸውን ሕንፃ አስለካኋቸው። ሜትር ይዘው ሲሯሯጡ ስልክ የነካካ አልነበረም። አሁን የብቃት ምዘናውን ለመውሰድ ማታ ማታ ከአንድ ፌራዮ ጋር እለማመዳለሁ። እጄ ቆስሏል። ኪራይ የ4 ወር ይዣለሁ፤ 6 እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንተን አስቤ ነው ስልኩን ያነሳሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። "እሺ" ብላ ዘጋችው። ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ራሷ ደወለችና "ለመሆኑ በሰዓት ስንት ነው የሚከፍሉሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ትንሽ ነው" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተማሪዎቼ ሴቶች ናቸው ወይስ ወንዶች ብላ ጠየቀችኝ። 11ዱ ሴቶች ናቸው አልኳት። አሁን በየቅዳሜው ማታ እየደወለች ስለ 11ዱ ትጠይቀኛለች። ኢንጂነርዬ ማለቷን አልተወችም፤ እኔም አላረምኳትም።

የቤይሩት ተመላሽ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡00

እሰይ የኔ እህት። 6ቱ እስኪሞላ ጠብቂ። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ጸልዩላት።

ዝምተኛ አንባቢ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡40

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተከታተልኩ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዳያሪውን ስትጽፊ በየሰዓቱ ነው ወይስ ማታ? እኔ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም በ3ኛው ቀን አቆምኩ።

የሳይቷ ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡55

ወንድሜ፣ ማታ ከጻፍከው አይሆንም። ማታ ሁሉም ነገር የከበደ ይመስላል። ትንሽ ደብተር ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስታልፍ አንድ መስመር ጻፍ። የዘለልከው ሰዓት ካለ ባዶ ተወው፣ ለመሙላት አትሞክር። ማስረዘም ስትጀምር ነው የምታቆመው። የኔ ረጅሙ መስመር 9 ቃል ነው።

ዝምተኛ አንባቢ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

1ኛ ቀን።
2፡00፣ ሳይት ገባሁ። ደመና።
2፡15፣ ሲሚንቶ አልመጣም፣ ስልክ፣ ከበደኝ።
3፡40፣ ደረጃ ልኬት፣ ከግንበኛው ጋር፣ ቀለለኝ።
5፡00፣ ስብሰባ፣ ባዶ።